የውሻችን የዱር ዘመድ

(ለደጋ አገር ገበሬዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ሁለት እንስሳት ነው። አንዱ በየደጃችን የሚተኛው ውሻ ነው። ሁለተኛው ከእርሻችን በላይ፣ ውርጭ በሚወርድበት፣ ጅባራ በሚበቅልበት ሜዳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ይህ ዝምድና ግን ለቀይ ቀበሮው ጥፋት እየሆነበት ነው። ነገሩ እኛንም፣ ይልቁንም ልጆቻችንን፣ ይነካል። እንዴት? ቀስ በቀስ እንየው።

1. መልክና ስም ያታልላሉ

በምድር ላይ ሕይወት ያለው ነገር ብዙ ነው። ዛፉ፣ ሣሩ፣ ወፉ፣ ዓሣው፣ ትሉ፣ አውሬው ተቆጥሮ አያልቅም። ይህን ሁሉ ለማወቅ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። መለየትን ደግሞ ገበሬ ያውቅበታል። ስንዴን ከእንክርዳድ የሚለየው ማን ነው? የበሬን ዕድሜ ጥርሱን አይቶ የሚናገረው ማን ነው? እናንተ ናችሁ። የሳይንስ ሊቃውንትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እንስሳትንና ዕፀዋትን እየመረመሩ ዘመድን ከዘመዱ ጋር ያስቀምጣሉ።

ታዲያ ስም ብቻ ሰምቶ፣ መልክ ብቻ አይቶ ዘመድ መለየት አይቻልም። የሌሊት ወፍን ተመልከቱ። ስሟ ወፍ ነው። ክንፍ አላት፤ ትበራለች። ነገር ግን ላባ የላትም፤ ጠጉር ነው ያላት። መንቁር የላትም፤ ጥርስ ነው ያላት። እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፤ ልጇንም ጡት ታጠባለች። እንግዲህ የሌሊት ወፍ በስሟ ወፍ ትባል እንጂ ወገንነቷ ከሚያጠቡት እንስሳት ጋር ነው።

ጅብንም እንውሰድ። ላየው ሰው ትልቅ ውሻ ይመስላል። አጥንቱ ሲመረመር ግን ጅብ ከውሻ ይልቅ ለድመት ወገን የቀረበ ሆኖ ይገኛል። ይህን ስሰማ እኔም ገርሞኛል። ግን እውነት ነው።

ካርል ሊኔየስ የሚባል የስዊድን ሊቅ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1758 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ለእንስሳት ሁሉ ሁለት ሁለት ስም ሰጠ። እኛ የራሳችን ስምና የአባታችን ስም እንዳለን ማለት ነው። ከሁለቱ ስሞች የመጀመሪያው የወገን ስም ነው። ሁለተኛው የራሱ የእንስሳው መለያ ነው። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

2. ቀይ ቀበሮ የማን ወገን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የቀይ ቀበሮን ስም ግን ያወጣው የሰው ዓይን ነው። ሰው አየው፤ ቀይ ነው፤ አፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ቀበሮ አለው። ሊቃውንቱስ ምን አሉት? የወገን ስሙን «ካኒስ» አሉት። ካኒስ በላቲን ቋንቋ ውሻ ማለት ነው። የቤት ውሻም ተኩላም በዚሁ በካኒስ ስም ይጠራሉ። ሁለተኛ ስሙ «ሲሜንሲስ» ነው፤ የስሜን ተራራው ማለት ነው። እንዲህ የተባለው ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ መንገደኛ በስሜን ተራሮች አግኝቶ ስለ ጻፈለት ነው።

ይህ ዝምድና በምን ታወቀ? መጀመሪያ በአጥንቱና በጥርሱ ነው። ኋላ ግን የበለጠ ማስረጃ ተገኘ። በእያንዳንዱ ሕይወት ባለው ነገር አካል ውስጥ እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ነገር አለ። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ይህ ጽሑፍ ነው። ጥጃ እንደ እናቱ ቀንድ የሚያወጣው፣ ከገብስ ዘር ገብስ የሚበቅለው በእሱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ድሮ መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ ይገለበጥ ነበር። ገልባጩ አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይስታል። ከእሱ መጽሐፍ የሚገለብጠው ደግሞ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ስሕተት ካለባቸው ከአንድ መጽሐፍ የተገለበጡ መሆናቸው ይታወቃል። በአካል ውስጥ ያለውም ጽሑፍ እንዲሁ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ ጥቂት ጥቂት ለውጥ ይገባበታል። ለውጡን እያመሳሰሉ ማን ለማን እንደሚቀርብ ማወቅ ይቻላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የቀይ ቀበሮ ጽሑፍ እንዲህ ተመርምሮ ውጤቱ ታተመ። ባለ ጥቁር ጀርባ ከሚባለው ቀበሮ ይልቅ ለተኩላና ለቤት ውሻ የቀረበ ሆኖ ተገኘ።

3. እንዴት ተለያዩ?

«ዘመዳሞች ከሆኑ መልካቸውና ጠባያቸው ለምን ተለየ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው።

ገበሬ ከአዝመራው መካከል ዛላው የሞላውን መርጦ ለዘር ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ያደርጋል። አባት መረጠ፣ ልጅ መረጠ፣ የልጅ ልጅ መረጠ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሰብሉ ከዱር ዘመዱ የተለየ ሆነ። ውሻም እንዲህ ነው የተገኘው። የውሻ አያት ቅድመ አያት ተኩላ ነበር። ሰው ገራሙን እያስጠጋ፣ ኃይለኛውን እያባረረ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ደጅ የሚጠብቅ ውሻ ሆነ።

በዱር ግን የሚመርጥ ገበሬ የለም። የሚመርጠው ኑሮው ነው። የቀይ ቀበሮ አያቶች ደጋውን ሲይዙ ያገኙት ምግብ ፍልፈልና አይጥ ነበር። ከሚወለዱት ቡችሎች መካከል አፉ ሾጠጥ ያለው ፍልፈሉን ከጉድጓዱ መንጭቆ ያወጣል። ጠግቦ ይበላል፤ ልጆቹንም ያሳድጋል። አፉ ደንቆሮ የሆነው ግን ይራባል፤ የሚያሳድገውም ልጅ ጥቂት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲተካ ሾጣጣ አፍ ያላቸው በዙ። ልብ በሉ! አንዱ ቀበሮ ራሱ በዕድሜው አልተለወጠም። የተለወጠው ትውልዱ ነው። ይህን ሊቃውንት አዝጋሚ ለውጥ ይሉታል።

ዛሬ ቀይ ቀበሮ ምግቡ በሙሉ ለማለት በሚያስችል መጠን ፍልፈልና አይጥ ነው። ረጅም እግር፣ ቀጭን አፍ፣ ትንንሽና የተራራቁ ጥርሶች አሉት። የሚኖረው በመንጋ ነው፤ ለአደን ግን ለየብቻው ይሠማራል። በባሌ ደግሞ ከብት መሐል ገብቶ፣ በከብቱ ተከልሎ፣ አይጦቹ ሳያዩት ጠጋ ሲል ይታያል። ከብቱን ግን አይነካም። ግልገል አልፎ አልፎ ቢወስድም ጉዳቱ ከጅብ ጋር የሚተካከል አይደለም።

4. የቀሩት ስንት ናቸው?

ድሮ አየሩ ከዛሬው በጣም ይቀዘቅዝ በነበረበት ዘመን ውርጭ የሚወርድበት ሜዳ ሰፊ ነበር። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ይህ ሜዳ ወደ ተራራው ራስ ሸሸ። ቀይ ቀበሮውም አብሮ ወጣ። እርሻና ግጦሽ ደግሞ ከሥር ተከትሎ ወጣ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ነው። በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ተራሮች ተበታትኖ ይኖራል። እያንዳንዱ ተራራ በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ሆኖበታል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይችልም። በጎጃም በጮቄ፣ በሰሜን ሸዋ በጎሽ ሜዳ ይኖር ነበር፤ ከሁለቱም ቦታ ጠፍቷል።

በጠቅላላው የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ቢሆኑ ነው። ከእኩሌታ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ናቸው። በሌላ በማንኛውም የዓለም ክፍል የሉም። ገበሬ ዘር ቢጠፋበት ከጎረቤት ይበደራል። ቀይ ቀበሮ ቢጠፋ ግን ዘሩን ከማን እንበደራለን? የሚያበድር ጎረቤት የለም።

5. ዘመድ ለዘመዱ ጠላት የሆነበት ምክንያት

መሬት መጥበቡ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የኛው ውሻ ነው። ውሻ ከከብት ጠባቂው ጋር ወደ ላይ ይወጣል። እዚያም ከዱር ዘመዱ ጋር ይገናኛል። ከዚህ ሦስት ጉዳት ይመጣል።

አንደኛ፣ ውሻው ቀበሮውን ያሳድደዋል፤ አደኑንም ይሻማዋል።

ሁለተኛ፣ ይዋለዳሉ። ውሻ ከጅብ አይዋለድም፤ ከፍየልም አይዋለድም። ከቀይ ቀበሮ ጋር ግን ተዋልዶ ድቅል መገኘቱ በባሌ ታይቷል። ይህ የዝምድናቸው ማስረጃ ነው። ድቅሉ ሲበዛ ግን የጥንቱ ዘር ይበላሻል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚያጠቡ እንስሳትን ሁሉ ይይዛል። ሰውንም፣ ላምንም፣ አህያንም ይገድላል። በቀይ ቀበሮ ላይ ግን እንደ እሳት የሚዛመት ነው። ለምን? የቀይ ቀበሮ መንጋ ጧትና ማታ ይሰባሰባል። ይሳሳማል፣ ይላላሳል፣ ይተሻሻል። በሽታው ያለው በምራቅ ውስጥ ስለሆነ አንዱ ከውሻ ይዞ ከመጣ ብዙ ሳይቆይ መንጋው በሙሉ ያልቃል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች በዚህ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ አለቀ። በ1996 ዓ.ም. በዚያው በባሌ፣ በወብ ሸለቆ፣ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞቱ። በ2001 ዓ.ም. እንደገና ተነሣ። ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታም ገብቶ ፈጅቷቸዋል። መንጋ ሲያልቅ ቶሎ አይተካም። ከአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እንስት ናት፤ እሷም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

6. የመንዝ ገበሬዎች ያደረጉት

«እኛ ድሆች ነን፤ ይህን ለመጠበቅ ምን አቅም አለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ የመንዝን ገበሬዎች እንይ። በመንዝ ጌራ ጓሳ የሚባል ሜዳ አለ። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይሆናል። የአገሩ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሜዳውን በራሳቸው ሕግ ይጠብቁት ነበር። ሕጉ የቄሮ ሥርዓት ይባላል። ጠባቂ አለቃ ይመርጣሉ። ሜዳው ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ በሽማግሌዎች ውሳኔ ይከፈታል። ሳይከፈት ያጨደ ወይም ያሰማራ ይቀጣል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ። ገበሬዎቹ ግን ዝም ብለው አላዩም። ኮሚቴ አቋቁመው እንደገና መጠበቅ ጀመሩ። ዛሬ የጓሳ ሜዳ የሕዝብ ጥብቅ ቦታ ነው። ሣሩ ሲጠበቅ አይጥና ፍልፈሉ ይኖራል፤ አይጥና ፍልፈሉ ሲኖር ቀይ ቀበሮው ይኖራል። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ክዳናቸው ነበር፤ ቀይ ቀበሮውም በዚያው ተረፈ።

7. እኛ ምን እናድርግ?

ውሻ አትያዙ ማለቴ አይደለም። ጅብ ባለበት አገር ያለ ውሻ በግ ማርባት እንደማይቻል አውቃለሁ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ ውሻ ቤቱን ይጠብቃል። እኛም እሱን እንጠብቀው ነው የምላችሁ።

አንደኛ፣ ውሾቻችሁን አስከትቡ። ከመንደሩ 100 ውሾች 70 ያህሉ ቢከተቡ በሽታው የሚዛመትበት መንገድ ይዘጋል። «የኔ አንድ ውሻ ቢቀር ምን ይሆናል?» አትበሉ። ሁሉም እንዲህ ካለ ማንም አይከተብም። ቡችሎችንም አምጧቸው።

ሁለተኛ፣ ከምትፈልጉት በላይ ውሻ አታብዙ። ባለቤት የሌለው ውሻ ወደ ተራራው ይወጣል። ያላችሁንም ከብት ጠባቂው ወደ ቀይ ቀበሮ ሜዳ ይዞ አይውጣ።

ሦስተኛ፣ የሞተ ከብት በሜዳ አትጣሉ፤ ቅበሩት። ውሻዎችንና አውሬዎችን አንድ ላይ የሚሰበስባቸው ጥንብ ነው።

አራተኛ፣ እንግዳ ጠባይ ያሳየ ውሻ ወይም ቀበሮ ብታዩ፣ ሞቶም ብታገኙት፣ በእጃችሁ አትንኩት። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

አምስተኛውን በደንብ አድምጡ፤ የሰው ሕይወት ነውና። ሰው በውሻ ቢነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ስለ ሻረ አትታለሉ። ቆዳው ቢድንም በሽታው በውስጥ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ቀስ ብሎ ይጓዛል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው ይተርፋል ማለት ዘበት ነው። ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ሉዊ ፓስተር የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም ዳነ። ይህ ከሆነ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል። እስከ ዛሬ ግን በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል። ለሰው በሽታውን የሚያስተላልፈው በአብዛኛው ውሻ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምክንያቱም ከውሻ ጋር የሚጫወቱት እነሱ ናቸው፤ ሲነከሱም ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ። ልጆቻችሁ ሲነከሱ እንዲነግሯችሁ አስተምሯቸው፤ በነገሯችሁም ጊዜ አትቆጧቸው።

ወገኖቼ፣ ሊቃውንቱ አጥንት እየለኩ፣ ጥርስ እየቆጠሩ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ መመርመራቸው የሥራ ፈት ነገር አይደለም። ቀይ ቀበሮ የውሻ ዘመድ መሆኑ በመታወቁ በሽታው ከየት እንደሚመጣበት ታወቀ። ከየት እንደሚመጣ በመታወቁ ደግሞ የት መዝጋት እንዳለብን ታወቀ። በ2010 ዓ.ም. በባሌ ለቀይ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ተራራውን ሁሉ ግን በዚህ ብቻ ማዳረስ አይቻልም። መንገዱ የሚዘጋው በየደጃችን ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሏልና፣ የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ለክትባት ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ውሻችሁን በገመድ አስራችሁ ይዛችሁ ውጡ። ጎረቤታችሁንም ጥሩ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሌሊት ወፍ ወፍ ያልሆነችው ለምንድን ነው?
2. ቀይ ቀበሮ የውሻ ዘመድ መሆኑ በምን ታወቀ?
3. በቀበሌያችሁ ስንት ውሾች አሉ? ከእነሱ ውስጥ የተከተቡት ስንት ናቸው?
4. በአካባቢያችሁ እንደ ጓሳ ሜዳ በጋራ የሚጠበቅ ቦታ አለ? ከሌለ የትኛው ቦታ ቢጠበቅ ይሻላል ትላላችሁ?